የሕፃኑን ስሕተት ማንበብ፦ በመምህራን ኮሌጅ ስለሚሰጠው የሥነ ልቡና ትምህርት

መምህር ሊሆን ወደ ኮሌጅ የገባ ወጣት፥ ሒሳብን ወይም አማርኛን ወይም የተፈጥሮ ሳይንስን ከመማሩ ጋራ፥ የሕፃናትን ዕድገት፥ የመማርን ጠባይ፥ የምዘናን ሥርዓትና የክፍል አያያዝን የሚመለከቱ ትምህርቶች ይወስዳል። ከእነዚህም መካከል ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ በቃል የሚሸመደደው ሥነ ልቡና ነው፤ ተማሪው የፒያዤን አራት ደረጃዎች፥ የፓቭሎቭን ውሻ፥ የስኪነርን ሽልማትና ቅጣት በሃንድአውቱ ላይ እያሰመረ ያጠናል፥ በፈተናም ዕለት ይዘረዝራል፥ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን አብዛኛው ከአእምሮው ይጠፋል። እኔ ይህ ትምህርት በመምህራን ኮሌጅ ከሚሰጡት ሁሉ እጅግ ሕይወት ያለው ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ፤ ዋናው ፍሬው የሊቃውንትን ስም ማወቅ ሳይሆን፥ ሕፃኑ በተሳሳተ ጊዜ በስሕተቱ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ማንበብ መቻል ነውና።

አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ከ52 ላይ 37 ቀንስ ተብሎ 25 ብሎ ጻፈ እንበል። ቸኩሎ የሚያርም መምህር በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎበት ያልፋል፤ ልጁም ደብተሩን ተቀብሎ፥ ምን እንደ ጐደለው ሳያውቅ፥ በማግሥቱ ከ63 ላይ 28 ሲቀነስ 45 ያደርገዋል። ደብተሩን አስተውሎ የሚያይ መምህር ግን ልጁ በዘፈቀደ እንዳልጻፈ፥ የራሱ የሆነ ጽኑ ሕግ እንዳለው ይረዳል፤ ከሁለት ላይ ሰባት አይነሣምና ገልብጦ ከሰባት ላይ ሁለት ያነሣል፥ የቀረውን አምስት ይጽፋል፥ በሌላውም ስፍራ እንዲሁ ሁልጊዜ ትንሹን አኃዝ ከትልቁ ይቀንሳል። ይህ ሕግ ከ58 ላይ 37 ሲቀነስ ትክክለኛ መልስ ሲሰጠው ስለ ኖረ፥ ልጁ ሊጠራጠረው ምክንያት አልነበረውም። ለእንዲህ ያለው ልጅ የቤት ሥራ ማብዛት አይረዳውም፤ ዐሥር ዐሥር እየሆኑ በክር የታሰሩ ስንጥሮች አምጥቶ፥ አምስት እስርና ሁለት ነጠላ በፊቱ አስቀምጦ፥ «እስቲ ከዚህ ላይ 37 ስጠኝ» ቢሉት፥ አንዱን እስር ሳይፈታ መስጠት እንደማይቻለው በገዛ እጁ ያገኘዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ንባብ መንገድ ከጠረጉት ሊቃውንት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1896 በስዊዘርላንድ የተወለደው ዣን ፒያዤ ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የሕፃናትን የማሰብ ችሎታ የሚመዝነውን ፈተና በ1905 በፓሪስ ካወጡ ከዐሥር ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፥ ወጣቱ ፒያዤ ለእንግሊዝ ልጆች የተዘጋጀ የማመዛዘን ፈተና ለፓሪስ ልጆች እንዲስማማ ያደርግ ዘንድ በዚያው ከተማ ሥራ ተሰጠው። የሚፈለግበት ትክክለኛውን መልስ እየለየ መቁጠር ነበር፤ የእርሱን ልብ የሳበው ግን በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ስሕተት መሥራታቸው ሆነና፥ ለምን እንዲህ እንዳሉ እየጠየቀ ምክንያታቸውን ያደምጥ ጀመር። ከዚህ አጀማመር የመጣውን ታላቅ ሥራ ማንኛውም ዕጩ መምህር በሁለት እኩል ብርጭቆ ውኃና በአንድ ረጅም፥ ቀጭን ብርጭቆ ሊሞክረው ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ የሁለቱ ውኃ እኩል መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፥ አንደኛው በፊቱ ወደ ቀጭኑ ሲገለበጥ ብዙውን ጊዜ «አሁን ይኼኛው በዛ» ይላል፤ የስምንት ዓመት እኅቱ ግን «ምን ተጨመረበትና?» ትላለች። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥያቄውን በሌላ አኳኋን ሲያቀርቡ፥ ትንንሾቹ ልጆች ፒያዤ ከወሰነው ዕድሜ ቀድመው ብዙ ነገር እንደሚረዱ አሳይተዋልና፥ ደረጃዎቹን እንደ ሕገ ኦሪት መያዝ አይገባም፤ የማድመጥ ሥርዓቱ ግን ጸንቶ ይኖራል።

በዚያው በ1896 በሩስያ ግዛት የተወለደው ሌቭ ቪጎትስኪ በጎሜል ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምር የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ያቋቋመ፥ በ1926ም ስለ ትምህርት ሥነ ልቡና መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ከመሞቱ በፊት ትቶልን ካለፈው ሐሳብ ዋነኛው፥ ልጅ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሲረዳው ሊሠራው በሚችለው መካከል ያለው ስፍራ ለትምህርት የተመቸ መሆኑ ነው። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ዕጩ መምህር ነገሩ ጨርሶ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፥ እያለም ወደ መወድስ ሲያድግ፥ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ እየነገረ ይታረማል፤ መምህሩም ምሥጢሩ የት እንደ ተፋለሰ፥ ቤቱ የት እንዳልመታ ሰምቶ ለዚያ ተማሪ እንደ አቅሙ ያቀናለታል። በአብነት ትምህርት ቤት አርጩሜም እንደ ነበረ አልዘነጋሁም፥ እርሱን የሚመልስ ሰው እንዲገኝም አልመኝም፤ አንድ በአንድ ሰምቶ የማረሙ ጥበብ ግን በኮሌጅ ከቪጎትስኪ ጋራ ጎን ለጎን ቢጠና እወዳለሁ።

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ለመምህራን ያደረጋቸውን ንግግሮች በ1899 ባሳተመ ጊዜ፥ ሥነ ልቡና ሳይንስ፥ ማስተማር ግን ጥበብ መሆኑንና ሳይንሱ ብቻውን ጥበቡን እንደማይወልድ አስጠንቅቆ ነበር። በእኛም አገር ዘመናዊ የመምህራን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ከተጀመረ ወዲህ፥ የንባቡና የልምምዱ ሚዛን ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ለፕራክቲከም፥ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፥ ሰፊ ቦታ ቢሰጥም የትምህርቱን ይዘት አሳንሷል ተብሎ ተነቅፏል፤ ከዚያም ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን፥ አስቀድሞ በትምህርቱ ዲግሪ ማግኘት፥ በኋላ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ መጨመር የሚል ሥርዓት መጣ። በእኔ አስተያየት የትምህርቱን ይዘትና የማስተማርን ሥልጠና እንደ ተፎካካሪ መቁጠሩ ራሱ ጉዳት አለው፤ መቀነስ ለምን እንደሚሠራ ጠንቅቆ ያልተረዳ መምህር የዚያን ልጅ 25 ሊያነበው አይችልም፥ ሒሳቡን ብቻ የሚያውቅም ቢሆን ያየውን ስሕተት ከንዝህላልነት ይቆጥረዋል።

ስድሳና ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል እያንዳንዱን ማድመጥ ከባድ እንደሆነ የታወቀ ነው። ቢሆንም ለልምምድ የወጣ ዕጩ መምህር ዐሥር ደብተር ሰብስቦ፥ ስሕተቶቹን በየዓይነታቸው ለይቶ፥ ከየዓይነቱ አንድ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ቢያነጋግር፥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቅጽ ሲሞላ ከሚውል የበለጠ ይማራል። ፈተናውም ከዚህ ጋራ መስማማት አለበት፤ «የፒያዤን አራት ደረጃዎች ዘርዝር» ከማለት ይልቅ፥ የአንድ ልጅ ደብተር ገጽ ተባዝቶ ይታደልና «ይህ ልጅ ምን አስቦ ነው? በመጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ? መልሱ ግምትህን ቢያፈርስብህስ?» ተብሎ ይጠየቅ። እንዲህ ያለው ፈተና ለማረም ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ብዙ ክፍል የተጫነበት የኮሌጅ መምህር ወደ ምርጫ ጥያቄ ቢያዘነብል አልፈርድበትም። ስለዚህ ኮሌጆች በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ምዘና በዚህ መልክ እንዲሰጥ አድርገው፥ ለመምህሩ የማረሚያ ጊዜ ከማስተማሪያ ሰዓቱ ላይ ሊቀንሱለት ይገባል።