አካል ጉዳተኛም የመንደሩ ሰው ነው

በየመንደራችን ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው አለ። ይህን ሰው በስሙ የምንጠራው ስንቶቻችን ነን? «ዕውሩ መጣ»፣ «አንካሳው ሄደ»፣ «ደንቆሮው ምን ያውቃል?» እንላለን። ሰውየው ግን እናት አባቱ ያወጡለት ስም አለው። ስሙን ትተን በጉዳቱ ስንጠራው ሰውነቱን ረሳን ማለት ነው።

የበደሉ አንዱ ምክንያት አለማወቅ ነው። ልጅ አካሉ ሲጎዳ «እርግማን ነው»፣ «የአባቱ ኃጢአት ነው» እንላለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በዝንብ፣ በእጅና በፊት መጥረጊያ ጨርቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሳይታከም ብዙ ዓመት ከቆየ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ፀጉሩም ዓይንን እየፋቀ ያሳውራል። የልጅነት ልምሻ እግርን ያሰልላል፤ ይህንንም በክትባት መከላከል ይቻላል። የማጅራት ገትር መስማትን ወይም ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። ታዲያ በሽታ ላደረሰው ጉዳት ወላጅን መውቀስ ተገቢ ነው?

በእርግማን ስለምናምን እናፍራለን። ስለምናፍር እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ እንደብቃለን። ወንድሞቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ቤት ይቀራል። ካደገ በኋላ ደግሞ «ሥራ አያውቅም» እንለዋለን። ሳናስተምረው ከየት ይወቅ? ርስት ሲከፈልም «አንተ ምን ታርስበታለህ?» ይባላል። ነገር ግን ማረስ ያልቻለ ሰው መሬቱን በእኩል ሰጥቶ ያሳርሳል። አቅመ ደካማም፣ መበለትም እንዲሁ ያደርጉ የለም እንዴ?

ቢማር ምን ይሆናል? አንድ ምሳሌ እንመልከት። የትነበርሽ ንጉሴ በ1974 ዓ.ም. በወሎ ገጠር ተወለደች። በአምስት ዓመቷ በበሽታ የማየት ኃይሏን አጣች። በአካባቢዋ ሴት ልጆች በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር። እሷን ግን ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ አተረፋት፤ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትም ገባች። ከዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፤ የአካል ጉዳተኞችም ጠበቃ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ጓዳ ተደብቃ ብትቀር ኖሮ ይህን ሁሉ ማን ያውቅ ነበር?

ሕጉም ከአካል ጉዳተኛው ጋር ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሥራውን መሥራት የሚችልን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከሥራ መከልከልን ያግዳል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ተቀብላለች።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ጓዳችን ገብቶ ልጁን አያወጣም። ይህን ማድረግ የኛ ፈንታ ነው። ልጁን እንደ ወንድሞቹ እናስመዝግበው። በእድርና በቀበሌ ስብሰባ አሳቡን እንጠይቀው። መስማት ለተሳነው ፊታችንን አዙረን፣ በእጃችንም እያመለከትን እንንገረው። ዓይነ ስውሩን ሳንጠይቅ ክንዱን አንጎትት፤ «እኔ እገሌ ነኝ፤ ልርዳህ?» እንበለው። ከሁሉ አስቀድመን ግን በስሙ እንጥራው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።