ከዳኛው በፊት የሚፈርደው ዘርፉ ነው

ወሎ በዓለም የጋዜጠኝነት ሽልማት መዝገብ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል፤ የሚነሣው ግን በርእስነት ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ በብሪታንያው ቴምስ ቴሌቪዥን ስለ ወሎ ረሃብ ያቀረበው ዘገባ በአባቱ በሪቻርድ ዲምብልቢ ስም የተሰየመውን ሽልማት አስገኝቶለታል። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977፣ ማይክል ቡርክና ካሜራ የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ ሽልማቱም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ረሃቡ በሁለት በር ወደ አሜሪካው ፑሊትዘር ገባ፦ የቦስተን ግሎቡ ስታን ግሮስፌልድ ከኢትዮጵያ ባመጣቸውና በሜክሲኮ ድንበር ባነሣቸው ምስሎች በፊቸር ፎቶግራፍ ዘርፍ፣ ሦስት የኒውስዴይ ባልደረቦች ደግሞ ስለ አፍሪካ ረሃብተኞች በሠሩት ተከታታይ ዘገባ በዓለም አቀፍ ዘርፍ ተሸለሙ። ሁሉም የሚገባቸውን አገኙ። ይሁንና ዲምብልቢ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን የተራበውን ሕዝብ ፎቶ አንሥተው በግቢያቸው ለእይታ አቅርበው ነበር። ማስረጃው በአገር ሰው እጅ ቀድሞ ተሰብስቧል፤ የሚያስመዝንበት ዘርፍ ግን አልነበረውም። መምህራኑ ጋዜጠኞች አልነበሩም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን በሳንሱር ሥር የነበረው ጋዜጣ ያላወጣውን ያወጡት እነሱ ናቸው።

በጋዜጠኝነት ሽልማት ትልቁ ፍርድ የሚሰጠው ዳኞቹ ከመቀመጣቸው በፊት፣ ዘርፎቹ ሲሰመሩ ነው እላለሁ። የፑሊትዘርን አሠራር ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በሚሰጠው በዚህ ሽልማት ለእያንዳንዱ ዘርፍ የተሰየመ የዳኞች ቡድን ሦስት ሥራዎችን ለእጩነት ያቀርባል፤ አሸናፊውን የሚወስነው ቦርዱ ነው። ቦርዱ አንዱን ሥራ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ ማዛወር፣ ሲያሻውም ማንንም አለመሸለም ይችላል። ሚዛኑ ከዘርፍ ዘርፍ ይለያያል። በሰበር ዜና የሚታየው ፍጥነት ከትክክለኛነት ጋር መጣመሩ ነው፤ በምርመራ ዘገባ ተደብቆ የኖረ ሰነድ መውጣቱ፤ በፊቸር የአጻጻፉ ውበት። የወርቅ ሜዳሊያ የሚሰጥበት የሕዝብ አገልግሎት ዘርፍ ደግሞ ዘገባው ምን እንዳስለወጠ ይጠይቃል፤ የሚሸልመውም የዜና ተቋሙን ነው። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በየትኛው ዘርፍ እንደቀረበ ማወቅ ምን እንደሚጠየቅና ምን ሳይጠየቅ እንደሚያልፍ ማወቅ ነው።

ይህ ወግ ብቻ አለመሆኑን የዋሽንግተን ፖስቷ ጃኔት ኩክ ታሪክ ያሳያል። ሄሮይን ስለለመደ የ8 ዓመት ልጅ የጻፈችው ዘገባ ለፑሊትዘር የገባው በአካባቢ ዜና ዘርፍ ነበር፤ ቦርዱ ወደ ፊቸር አዛውሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ሸለመው። ልጁ ግን ጭራሽ አልነበረም፤ ሽልማቱም ተመለሰ። ፖስት ራሱ ያልደረሰበትን ውሸት ዳኞች ሊደርሱበት ይገባ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም የዜና ሥራ በውበት ሚዛን ላይ ሲወጣ «ልጁ የት ነው? ማን አየው?» የሚለው ጥያቄ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

ለእኛ የቀረበ ሌላ ማስረጃ አለ። በመጋቢት ወር መጀመሪያ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአሶሺየትድ ፕሬሱ ሙሉጌታ አየነ በአደጋው ሥፍራ የሚያለቅሱ ዘመዶችን ያነሣበት ምስል እ.ኤ.አ. በ2020 ለወርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ሲያትል ታይምስ የቦይንግ 737 ማክስን የንድፍ ጉድለትና የተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ድክመት በማጋለጡ በፑሊትዘር የብሔራዊ ዘገባ ዘርፍ አሸነፈ። አደጋው አንድ ነው። ኢትዮጵያዊው በኀዘኑ ምስል ታወቀ፤ የምክንያቱ ምርመራ ሲያትል ተሸለመ። ሰነዱም መሐንዲሶቹም ያሉት ቦይንግ አውሮፕላን በሚሠራበት አካባቢ ነውና ይህ አያስገርምም። ግን ዘርፎቹ የክፍፍሉን መስመር አጉልተውታል፦ ከእኛ በኩል ኀዘን፣ ከእነሱ በኩል ማብራሪያ። እ.ኤ.አ. በ1985ም የሆነው ከዚህ አይርቅም።

ሸላሚዎቹም ጉዳዩ አልጠፋቸውም። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውድድሩን በስድስት የዓለም ክፍሎች ከፍሎ የመጀመሪያውን ምርጫ በየክፍሉ ለተሰየሙ ዳኞች ሰጠ። ዳኞች የፎቶ አንሺውን ስም ሳያውቁ ነው የሚያዩት፤ ለመጨረሻ ዙር የደረሰ ሰው ካሜራው ያወጣውን ያልተነካ ፋይል እንዲያሳይ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ ፍተሻ ምክንያት ለመጨረሻ ዙሮች ከደረሱት አንድ አምስተኛ ያህሉ ወድቀዋል። የሲኤንኤን የአፍሪካ ጋዜጠኞች ሽልማትም ለፈረንሳይኛና ለፖርቱጋልኛ ዜና የተለየ ዘርፍ ከፍቶ ነበር፤ በመሐመድ አሚን ስም የተሰየመ የፎቶግራፍ ሽልማትም ነበረው። ለአማርኛ፣ ለስዋሂሊ ወይም ለሐውሳ ዘርፍ አልነበረም። የአህጉሩ ሽልማት እንኳ በቅኝ ገዥ ቋንቋ የሚያስብ ዘጋቢን ያስቀድም ነበር ብል አላጋነንኩም።

ኢትዮጵያውያን በብዛት የተሸለሙበት አንድ ዘርፍ ግን አለ፤ እሱም ድፍረት ነው። ሰርካለም ፋሲል እ.ኤ.አ. በ2007፣ ርዕዮት ዓለሙ በ2012 ከዓለም አቀፉ የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን ተሸለሙ፤ ርዕዮት በ2013 የዩኔስኮን የጊዬርሞ ካኖ ሽልማት ጨመረች። ዳዊት ከበደ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የዞን 9 ጦማሪያን በ2015 የጋዜጠኞች ደኅንነት ተሟጋች ኮሚቴን ሽልማት ወሰዱ። ውብሸት ታዬ እ.ኤ.አ. በ2013 እስር ቤት ሳለ የሲኤንኤንን የነፃ ፕሬስ ሽልማት፣ እስክንድር ነጋ በ2014 እንዲሁ ታስሮ የወርቅ ብዕር የተባለውን የፕሬስ ነፃነት ሽልማት አገኙ። በአገር ውስጥ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት በሚዲያና ጋዜጠኝነት ዘርፉ ሕዝብ ከጠቆማቸው መካከል መርጦ ሰውን ያከብራል። ሁለቱም ዓይነት የሚመዝኑት ሰውየውን ነው፤ የመጀመሪያው የከፈለውን ዋጋ፣ ሁለተኛው የዕድሜ አገልግሎቱን። ጽሑፉን አንሥቶ «ይህ አንቀጽ በምን ማስረጃ ቆመ?» የሚል ዳኛ በሁለቱም ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው።

ጋዜጠኛ በሚታሰርበት አገር ድፍረት ይቅደም ቢባል አልከራከርም። እስረኛው እንዳይረሳ ሽልማት ጋሻ ይሆናል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ክርክሬ ድፍረት ብቸኛው ዘርፍ ሲሆን በሚከተለው ላይ ነው። ያልታሰረ ጋዜጠኛ ሥራው የማይታይ ይሆናል፤ ወጣቱም ጥሩ ዘገባን ከመከራ ለይቶ የሚያይበት ምሳሌ ያጣል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ጎልቶ የሚታየው እንደ ደቡብ ወሎዋ ወግዲ ባለ ቦታ ነው። ከአባይ በረሃ አፋፍ ያለችው ወግዲ፣ ወይም ጎረቤቷ መካነ ሰላም፣ ወሬዋ ወደ አየር የሚወጣው በአብዛኛው በወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ ባሕር ዳር ያለው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ)። በጉዞው ላይ የቀረው ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ተሰራጨ የሚል ቁጥርና የኃላፊው ስም ነው። ማዳበሪያው ከዘር በፊት ደረሰ ወይስ በኋላ፣ ለማን ደረሰ፣ በጉንደ ወይን መንገድ አባይን ተሻግሮ ጎጃም የሚወርደው ገበሬ ስንት ከፈለ የሚለው የሚጠየቅበት ዘርፍ የለም። ይህ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ነው፣ ጋዜጠኝነት አይደለም የሚሉ አሉ። ደመወዙን ማን ከፈለ በሚለው ከተፈረደ የቢቢሲውም ቡርክ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የተሻለው መለያ ሥራው ራሱ ነው፦ ከኃላፊው ሌላ ሁለተኛ ድምፅ አለው? ቁጥሩ ከመጋዘን መዝገብ ጋር ተመሳክሯል? ዘጋቢው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ጠይቋል? ይህን የማያሟላ ዜና ይውደቅ፤ አብዛኛው እንደሚወድቅም አልጠራጠርም።

ዘርፍ ማብዛት ሽልማትን ያረክሳል የሚለው ስጋት ከዚህ ጋር ይያያዛል። እርግጥ ለሁሉም ዋንጫ የሚያድል መድረክ ማስታወቂያ ሆኖ ይቀራል። ፑሊትዘር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በፊቸር ጽሑፍ ዘርፍ እጩዎችን አይቶ ማንንም አልሸለመም፤ ዘርፉም አልተዘጋም። የአካባቢ ዘገባ ዘርፍ ከፍቶ በመጀመሪያው ዓመት «የሚመጥን አላገኘንም» ማለት ለወረዳ ዘጋቢ ከምስክር ወረቀት የበለጠ ክብር ነው፤ ምን እንደጎደለ በጽሑፍ ከተነገረው።

ለዚህ ዳኛ ከየት ይመጣል? አንዱ ከአዲስ አበባ የዜና ክፍል፣ አንዱ ደሴ ላይ ሬዲዮ የሠራ፣ አንዱ በመካነ ሰላም ግቢ ካለው ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እርሻ የተዘገበን የሚያነብ የእርሻ ባለሙያም ያስፈልጋል። ዕውቂያ ያዳላል የሚባለው እውነት ነው፤ ስለዚህ ስም ተሸፍኖ ይነበብ፣ ዘጋቢውን የሚያውቅ ዳኛ ድምፅ አይስጥ። ከዳኛው ይልቅ የሚያስቸግረው የማቅረቢያው ደንብ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭቱና የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ ምን እንዳስከተለ ይታወቃል። ሥራህን በኢንተርኔት ብቻ ላክ፣ ከዚህ ቀን በኋላ አንቀበልም የሚል ማስታወቂያ ወግዲ ያለውን ዘጋቢ አንድም ዳኛ ሳያየው አስወጥቶታል። በድምፅ መቅጃ ተቀድቶ በሰው እጅ ደሴ የደረሰን ሥራ የሚቀበል፣ ቀኑንም መንገዱ ሲከፈት የሚቆጥር ደንብ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም።