የሬዲዮ ፊቸር ጆሮን የሚይዘው በምንድን ነው?

ዜና ምን እንደ ተፈጸመ ይነግራል። ፊቸር ግን አድማጩን ነገሩ ወዳለበት ቦታ ይወስደዋል፤ ከባለታሪኮቹ ጋርም ያቆየዋል። በእጁ ያሉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ የተራኪው ድምፅ፣ የሰዎቹ ንግግር፣ የቦታው ድምፅና ዝምታ። ፊቸር የሚሰለቸው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲሻማ ነው። ተራኪው አድማጩ የሰማውን መልሶ ይነግረዋል፣ ገበሬው እንደ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አኃዝ እንዲደረድር ይደረጋል፣ ሙዚቃው ደግሞ ሁሉንም ይሸፍናል።

የራያ ቆላዋን ሮቢት እንውሰድ። አካባቢው የማሽላ አገር ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የግሪሳ ወፍ ሥጋት ይመጣል፤ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ በጩኸት፣ በወንጭፍና በጅራፍ ይከላከላል። «ወፍ በሰብል ላይ ጉዳት ያደርሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ ይጨርሰዋል። ለሬዲዮ ግን ሀብቱ ያለው እዚያው ማማው ላይ ነው፦ የጅራፉ ጩኸት፣ መንጋው ሲነሣ የሚሰማው የክንፍ ሁካታ፣ ከወዲያኛው ማሳ የሚመልስ ልጅ። ጥሩ አዘጋጅ ይህን ከቅርብም ከሩቅም ይቀርጻል። ማንም ሳይናገር የማሳውን ድባብ ብቻ ለሁለት ደቂቃ ያህል መቅረጽም ያስፈልጋል። ንግግር ሲቆረጥና ሲቀጠል ስፌቱን የሚደብቀው ያ ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ጠላት ስለሆነ ማይክሮፎኑ ይሸፈናል፤ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይያዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ደህና ነው» ከማለት ሌላ ብዙ አማራጭ የለውም። «ግሪሳው የወረደ ዕለት ጧት የት ነበሩ?» ሲባል ግን ታሪኩ ራሱ ይመጣል፤ ማን ቀድሞ እንዳየ፣ ማን እንደ ጮኸ፣ እስከ ማታ ምን እንደ ተረፈ። በአገራችን ሬዲዮ ማይክሮፎን ሲቀርብለት ወደ ስብሰባ ቋንቋ የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው፤ «አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል» የሚለውን ያልሰማ ጆሮ የለም። እንዲህ ያለው ንግግር ሳይጸጽት ይቆረጣል። የራያ አነጋገር ግን አይቆረጥም፣ አይታረምም። ጎጃም ላለ አድማጭ የሚያስቸግር ቃል ካለ ተራኪው ሐሳቡን አስቀድሞ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጠቁማል፤ ከዚያ ሰውዬው በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ።

ጽሑፉ ላይ አማርኛ የራሱ ፈተና አለው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ «በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነት ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በሚወጣ ውኃ ሽንኩርት በማልማት ተጠቃሚ የሆኑ አርሶ አደሮች» እያለ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር አድማጩን ማን ምን እንዳደረገ ሳይነግር ረጅም መንገድ ያስኬደዋል። አንባቢ ተመልሶ ያነባል፤ አድማጭ ግን ያመለጠው አመለጠው። ለጆሮ ሲጻፍ እንዲህ ይከፈላል፦ «የቆቦ ሜዳ ብዙ ውኃው ከመሬት በታች ነው። ጉድጓድ ተቆፈረ። ማሽላ በነበረበት ሽንኩርት በቀለ።» አኃዝም እንዲሁ ነው፤ 4,873 ኩንታል ቢሆን «ወደ አምስት ሺህ ኩንታል» ማለት ይበቃል። ካርታ ስለሌለም ቦታው በቃል መሣል አለበት። «ሮቢት» ብቻ ቢባል ብዙ አድማጭ ወደ ሸዋ ሮቢት ይሄዳል፤ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው መሆኗ ገና ከመነሻው ይነገራል።

ታሪኩን የሚያስኬደው ግን ጉጉት ነው። አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰው አይራ ግላስ የሬዲዮ ትረካን በሁለት ነገር ይከፍለዋል፦ አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ የድርጊት ሰንሰለትና፣ አልፎ አልፎ ቆም ተብሎ የሚነገር ትርጉም። ትርጉም ብቻ ከሆነ ስብከት ይሆናል፤ ድርጊት ብቻ ከሆነም አድማጩ «ታዲያ ምን ይሁን?» ይላል። በእኛ አገር የጉጉትን ጉልበት ካሳዩት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍሎች የቀረበው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ ነው። ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተምር ነበር፤ አድማጩ ግን የሚጠብቀው ትምህርቱን ሳይሆን የባለታሪኳን የፍቅርተን ዕጣ ነበር።

ድምፅ መብዛቱ ብቻውን ጥራት አይሆንም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ዋናው መሣሪያው የገዛ ድምፁ ነበር፤ በፍጥነት፣ በድምፀትና በትንፋሽ ብቻ አንዱን ገጸ ባሕርይ ከሌላው ይለይ ነበር። በሌላው ጫፍ እንግሊዛዊው ቻርልስ ፓርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 በቢቢሲ ስለ አንድ የባቡር ነጂ ባቀረቡት ሥራ ተራኪውን አስወግደው፣ የሠራተኞቹን የተቀረጸ ንግግር ከዘፈን ጋር አያይዘው ታሪኩን አስኬዱ። ሁለቱም ያዋጣሉ። የማያዋጣው ተራኪው ማስታወቂያ እንደሚያነብ ድምፁን ሲያገዝፍ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚያወራ ይመስል ቢያነብ ይሻላል።

ሙዚቃ በቦታው ከሆነ ይረዳል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል የተባለውን ባህላዊ ጨዋታቸውን ሲጫወቱ የተቀረጸ ከበሮና ጭብጨባ ፊቸሩን ሊከፍት ይችላል፤ ጥቂት ሰከንድ ብቻውን ይሰማል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከተራኪው ሥር ይገባል። እናት ስለ ሐዘኗ ስትናገር ከሥሯ የሚለቀቅ የዋሽንት እንጉርጉሮ ግን ሐዘኑን ለአድማጩ ማዘዝ ነው፤ አድማጩም ይታዘበዋል። ንግግሯ ከባድ ከሆነ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ዝም ማለት ይበቃል።

ቅንብሩ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ሬዲዮ የሚደመጠው ቡና እየተቆላ፣ መኪና እየተነዳ፣ ከብት እየተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ፊቸሩ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅና እጁ ሥራ ለያዘ ሰው ይሰማ። «ማነው ደግሞ እሱ?» ብሎ የጠየቀበት ቦታ ላይ ስም ይጨመራል፤ ሌላ ወሬ የጀመረበት ቦታ ይቆረጣል።