ባሕር በሌለበት አገር ጎልፍ
ጎልፍ፣ ማለትም ትንሽ ጠንካራ ኳስን በዱላ እየመቱ ተራ በተራ ወደ ተቆፈሩ ጉድጓዶች የማስገባት ጨዋታ፣ በስኮትላንድ አሸዋማ የባሕር ዳርቻ የዳበረ ሲሆን፣ ከባሕር የራቁ ሜዳዎች ግን በዛፋቸው፣ በአፈራቸውና በከፍታቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ኢትዮጵያ ሊኖራት የሚችለው ይህኛው ዓይነት ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ሲኖር (ለአላፊ አግዳሚው ክፍት ነው ማለት ግን አይደለም)፣ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የተመታ ኳስ በባሕር ጠረፍ ከሚደርስበት ከ8 እስከ 9 በመቶ ያህል ርቆ ይወድቃል።

በመንዝ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘውን አምባ የሸፈነው የጓሳ ሣር፣ የስኮትላንድ ሜዳዎች ከሚመኩበት ቀጭን ሣር ጋር በዝርያ የቅርብ ዘመድ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚያጭደውን ይህን ሣር፣ ግጦሽና አጨዳ ለዓመታት ታግዶ በተወሰነ ጊዜ ብቻ በሚፈቀድበት የጋራ ደንብ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጠብቆታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን አምባ ለጎልፍ ማስተካከል ግልጽ ጥፋት ስለሚሆን፣ ዱላና ኳስ የሚወድ ጎብኚ ጓሳን በእግሩ ዞሮ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ የገጠሩን የገና ጨዋታ ቢመለከት ይመረጣል።