ከኩታበር እስከ አዲስ አበባ በአይሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?

በበቅሎ ይጓዝ የነበረው የጥንት መንገደኛ የአገሩን ርቀት የሚቆጥረው በቀን ነበር። መኪና ሲመጣ በኪሎ ሜትር መቁጠር ተለመደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ በደቂቃ መቁጠርን ለመድን። ነገር ግን ደቂቃው የሚቆጠረው ከየት እስከ የት ነው? ይህን ሳይጠይቅ የሚነሣ ሰው ከቀጠሮው መዘግየቱ አይቀርም።

አንድ የኩታበር ወጣት ለሥራ ፈተና ወደ አዲስ አበባ ተጠራ እንበል። ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ በአየር ቀጥታ ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ግን 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን ያመጣው የአገሩ አቀማመጥ ነው፤ ይኸውም መንገዱ በከሚሴ አድርጎ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይወርድና፣ እንደገና ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። አይሮፕላን ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያልፈዋል።

አይሮፕላኑ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ቢበር 250ውን ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ በጨረሰው ነበር። ዳሩ ግን መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙ፣ ዝቅ ብሎ ማረፉ ሁሉ ጊዜ ይወስዳልና 1 ሰዓት ብሎ መያዝ ይሻላል።

እንግዲህ መንገደኛችን «1 ሰዓት ብቻ ነው» ብሎ ቢዘናጋ ይሳሳታል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ናት፤ አይሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ከእርሷ ቁልቁል በኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ከኩታበር እስከ ደሴ 20፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ለዚህ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለፍተሻና ለጥበቃ 2 ሰዓት፣ ለበረራው 1 ሰዓት፣ ከቦሌ ከተማ ለመግባት 1 ሰዓት ብንይዝ ድምሩ 5 ሰዓት ተኩል ነው። አውቶቡሱ 420ውን ኪሎ ሜትር በሰዓት 45 እየሄደ በ9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ የሚያተርፍልን 4 ሰዓት ያህል ነው። ለታመመ ሰው ይህ ትልቅ ትርፍ ነው። ለጧት ፈተና ግን ከዋዜማው መነሣትን አያስቀርም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 8፡30 የሚል ቢሆን ጧት 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነው እንጂ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል አይደለም። ይህን ያልለየ ሰው በረራው ከሄደ 6 ሰዓት በኋላ ይደርሳል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ስለዚህ ተማሪም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ ጉዳዩ ደጃፍ ያለውን ሰዓት ይደምር። አይሮፕላን የሚያሳጥረው የመንገዱን መካከል ነው፤ ሁለቱን ጫፎች ማሳጠር የመንገደኛው ፈንታ ነው።