ስለ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎችና ስለ አያያዛቸው ሕግ

አሮጌ የጦር ጠመንጃ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚመልሰው «የአያት መሣሪያ ነዋ!» ብሎ ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ዳሩ ግን ለታሪክ አጥኚም ሆነ ለሕግ ሰው አይበቃም። አንደኛው የተሠራበትን ዓመትና ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም፣ ፈቃዱስ በማን ስም ነው ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ነፍጥ ላይ ሲገናኙ የሚነሣውን ችግር ነው።

አስቀድመን ስለ ነፍጦቹ እንናገር። በአገራችን ስመ ጥር የሆነው ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው፤ ፉዚ ማለት ጠመንጃ ሲሆን ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን ስም ነው። ይኸውም በ1874 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ጦር የተመረጠ፣ ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራና በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። ስናይደር የእንግሊዝ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ይዞት መጣ። ሬሚንግተን በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች ከግብጽ ሠራዊት በብዛት ተማርኳል። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተማረኩት መካከል ደግሞ የኢጣልያው ቬተርሊ ይገኝበታል፤ ይህም መጀመሪያ አንድ ጎራሽ የነበረ ሲሆን በኋላ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨምሮለታል። በልጅግ የምንለው ከሁሉ ወጣት ነው፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ከቤልጅግ አገር የታዘዘ የማውዘር ዓይነት ነውና።

ስለ ስሞቹ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሽለላና በፉከራ ምንሽር፣ ናስማስር፣ ጓንዴ እየተባለ ሲጠራ የምንሰማው ስም ሁልጊዜ የፋብሪካውን ስም አይከተልም፤ ፎካሪም የፋብሪካ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አጥኚው ባለቤቱ የነገረውን ስም እንደ ሰማው ከጻፈ በኋላ ወደ ብረቱ መመለስ አለበት። በውጅግራ ላይ ሞዴሉና ፋብሪካው፣ ለምሳሌ ሴንት ኤትየን ወይም ሻቴልሮ የሚለው፣ ከመቀርቀሪያው አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል፤ በቬተርሊም የፋብሪካው ስምና የሥራው ዓመት በብረቱ ላይ ተመትቶ ይታያል። ብዙ ሰው ግን ዝገቱን አስለቅቃለሁ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ይህን ጽሑፍ አብሮ ያጠፋዋል። ሰደፉ ተሰብሮ በጥሬ ቆዳ የተጠፈረ እንደሆነም ቆዳውን ፈትቶ በአዲስ እንጨት መተካት መልካም መስሎ ይታያል፤ በእኛ አስተያየት ግን ቆዳው ከፋብሪካው ማኅተም የማያንስ ማስረጃ ነው። ነፍጡ ከተማረከ ወይም ከተገዛ በኋላ እንዴት እንደኖረ የሚናገረው እርሱ ነውና። ይህ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው ጥይት አለመጉረሱ በሚያውቅ ሰው ከተረጋገጠ በኋላ መሆኑን መናገር አያስፈልግ ይሆናል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ልዩ ልዩ አገሮች «አሮጌ» የሚለውን ቃል በልዩ ልዩ መንገድ ይተረጉማሉ። በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ዓመትን ይከተላል፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ በፌዴራሉ ሕግ ዘንድ እንደ መሣሪያ አይቈጠርም። የሚታየው የሞዴሉ ዓመት ሳይሆን ያ ነፍጥ ራሱ የተሠራበት ዓመት ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሌላ ነፍጥም ለሰብሳቢዎች የተለየ ፈቃድ አለው። እንግሊዝ ከዓመቱ በተጨማሪ ጥይቱን ይመለከታል፤ ጥይቱ ከአገልግሎት የወጣ መሆኑ በዝርዝር የታወቀለትን ጠመንጃ ለጌጥ ወይም ለቅርስ ማስቀመጥ ይቻላል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ፕሮቶኮል ትርጉሙን ለየአገሩ ሕግ ትቶ፣ ከ1899 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ ግን ከቶ አሮጌ ሊባል አይችልም ይላል።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ከፈቃድ ጋር ያያይዘዋል፤ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ማለት የፈቃድ ወረቀትን አይተካም። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማስመዝገብን ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። እንግዲህ በዓድዋ የተማረከ ቬተርሊ በግድግዳው ላይ የሰቀለ አንድ ገበሬ በየትኛው በር ይግባ? ወደ ፖሊስ ቢሄድ ነፍጡ እንዳይወሰድበት ይሠጋል፤ ወደ ቅርስ መሥሪያ ቤት ቢሄድ ፈቃድህ የታለ እንዳይባል ይፈራል። ስለዚህ ይቀብረዋል፤ ብረቱም በመሬት ውስጥ ይበላል። ወይም ለነጋዴ ይሸጠዋል።

ይህ የባለቤቶች ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ ውጅግራዎች፣ ቬተርሊዎችና በልጅጎች በአሜሪካ የሰብሳቢዎች ገበያ በብዛት ሲሸጡ ታይተዋል። እዚያ የ1876 እ.ኤ.አ. ውጅግራ የገዛ ሰው በፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ስለ ቁጥሩና ስለ ማኅተሙም በጥንቃቄ ይጽፋል። ማን ይዞት እንደዘመተ ግን ሊያውቅ አይችልም፤ ያን የሚያውቁት ሰዎች እዚህ ቀርተዋልና። የነፍጡ አካል በአንድ አገር፣ ታሪኩ በሌላ አገር ሆነ ማለት ነው።

እኛ መሣሪያ በየቤቱ እንዲበዛ አንመኝም፤ የሚተኩስ ነፍጥ ምንም ቢያረጅ ይገድላል። የምንደግፈው ባለቤቱ በአንድ ማመልከቻ ለሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የሚያስታውቅበትና ነፍጡ ብረቱ ሳይቈረጥ እንዳይተኩስ ተደርጎ በቤተሰቡ ወይም በሙዚየም የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ለተማሪ የሚገባው ሥራ መግዛት ሳይሆን መመዝገብ ነው፤ ይኸውም በባለቤቱ ፈቃድ የማኅተሙንና የሰደፉን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቁጥሩን መገልበጥ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በቤቱ ሽማግሌ ቃል መጻፍ። የቤተሰቡን ስምና መንደር ግን በጽሑፍ ማተም አይገባም፤ ሌባም ማንበብ ያውቃል።