ድሮን ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱን አስቡ

የጥር ሠርግ ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «አጎቴ ከአሜሪካ ይመጣል፣ ድሮን ይዞልኝ ይምጣ?» «እዚህ ገጠር ነው፣ ማን ያየኛል?» ለሁሉም እዚሁ ልመልስ።

በቅድሚያ፣ ፈቃድ ሳይወጣ ይዞ አይምጣ። ድሮን እንደ ስልክ በሻንጣ ተይዞ የሚገባ ዕቃ አይደለም። ወደ አገር ለማስገባት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ማለትም ከኢንሳ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢንሳ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 ዳግም የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃድ የሌለው ድሮን ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል።

«የኔ እኮ ሚኒ ናት፣ 249 ግራም» የሚሉኝ አሉ። ይህ ቁጥር የመጣው ከአሜሪካ ሕግ ነው። እዚያ ለመዝናኛ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን አይመዘገብም፤ የሚኒ ፋብሪካም ክብደቷን ከዚያ በታች አድርጎ ሠራት። ቦሌ ላይ ግን ትንሽነቷ ከፈቃድ አያድናትም።

ማስገባትና ማብረር ደግሞ ለየቅል ናቸው። የአገሪቱን የአየር ክልል የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ሥራ እንደሚያበር አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ይላል። ዕቃው ሕጋዊ ሆኖ በረራው ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ላይ «ፈቃድ አለው» ተብሎ ቢሸጥላችሁ እንኳ ወረቀቱን በዓይናችሁ እዩ። በማን ስም ነው? ለየትኛው ሥራ ነው? በወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ከድሮኑ ጋር ይገጥማል?

አሁን ወደ መድን። የመኪና ሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አውሮፓ ውስጥ በድሮን ገንዘብ የሚሠራ ሰውም እንዲሁ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ይጠየቃል። እኛ ዘንድ መድን ድርጅቱ ሄዳችሁ «ድሮኑ ሰው ቢጎዳ ትከፍላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር። ፈቃድ ለሌለው በረራ ካሳ ይከፈለኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ለምን አጥብቄ እናገራለሁ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያንቀሳቀሰው ያልተፈቀደለት ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ በጉዳቱ ጊዜ ማሽኑ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ድሮንም በዚሁ ሊዳኝ ይችላል። ለጓደኛ አውሳችሁት ዳሱ ውስጥ ከወደቀ ካሳው ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የእኛ የሰሜን ሸዋው የመንዝ ደጋ ከፍታ ብዙ ቦታ ከ3000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተሽከርካሪ ክንፉ ይበልጥ መልፋት አለበት፤ ብርዱም ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። እዚህ መውደቅ ከሌላው ቦታ ይቀርባል።

የሰውን ምስልም አትርሱ። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሙሽሮቹ ፈቀዱ ማለት ጓሮዋ የተቀረጸባት ጎረቤት ፈቀደች ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በየካቲት 2016 ሳሲት አካባቢ ከክርስትና ይመለሱ የነበሩ ሰዎችን የጫነ መኪና በድሮን ተመትቶ ብዙ ሰው ማለቁ ተዘግቧል። ሳሲት ሰሜን ሸዋችን ነው። ከዚያ ወዲህ የድሮን ድምፅ ከሰማይ የሰማች እናት የሠርግ ይሁን የጦር የምትለይበት መንገድ የላትም። ልጇን አንጠልጥላ ትሮጣለች። ታች ያለው የጸጥታ ኃይልም ሆነ መሣሪያ የያዘ ሰው የእናንተን ሐሳብ አያውቅም። ፈቃድ መንግሥትን ለማስደሰት ብቻ የሚወጣ ወረቀት አይደለም፤ ታች ላለው ሰው የሚበረው ነገር የማን እንደሆነ ማሳወቂያ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

1. ከመግዛታችሁ በፊት ኢንሳን ጠይቁ።
2. የበረራውን ጉዳይ በሲቪል አቪዬሽን ጨርሱ።
3. የመድኑን ውል በጽሑፍ ያዙ።
4. ሁሉም ተሟልቶም ቢሆን ለወረዳው የጸጥታ ጽሕፈት ቤትና ለቀበሌው አሳውቁ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ለአገር ሽማግሌዎች ንገሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሕዝቡ ይነገር።

ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አታብሩ። አገራችን ገደላም ነው፤ አፋፉ ላይ ወጥታችሁ ካሜራችሁን በሦስት እግር ብትተክሉ ሠርገኛው ከታች ሲመጣ ሙሉውን ታገኙታላችሁ። ሙሽሮቹም በዚያ አይከፋቸውም።

ድሮን ሊገዛ ለተነሣ ወዳጃችሁ ይህን ጽሑፍ አስተላልፉለት።